ጓሳው ያለ ጊዜው የተከፈተ ዕለት

ኮከቤ የመርሐቤቴ ልጅ ናት። ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ በሚቆምበት አገር፣ ከዓለም ከተማ ግማሽ ቀን በማያስኬድ መንደር ተወለደች። መንዝን ያየችው ተድራ ስትመጣ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ጥርሷ እየተንገጫገጨ እንዳሳለፈችው ራሷ ስትናገር ኖራለች። ሁለት ባና ደርባ፣ እሳት ዳር ተኮራምታ፣ "ይህ አገር ሰው ሊኖርበት ነው ወይስ ኃጢአቱን ሊያስተሰርይበት?" ብላ ባሏን የጠየቀችው በዚያ ክረምት ነው። ባሏ ቅጣው ሳቀ። የመንደሯ የአምጃ ማርያም ሴቶች ግን ወሬውን ምንጭ ወርደው ሰሙትና "ኃጢአተኛዋ ቆለኛ" የሚል ስም አወጡላት።

ቅጣውም ከዚያው ከመርሐቤቴ የመጣ ሸማኔ ነበር። አባቱ ሲሞቱ እናቱን ይዞ ወደ ደጋ የወጣው፣ የበግ ፀጉር ባለበት አገር ባና መሥራት ያዋጣል ብሎ ነው። አዋጥቶታልም። የደብሩ ሰው ብርድ ልብስ ሲፈልግ ከሱ ደጅ አይጠፋም ነበር። ታዲያ ባናውን ለብሶ ሸማኔውን የሚንቅ ሰው የትም አለ፤ አምጃ ማርያምም አላጣችም። ቅጣው ርስት የለውም። የአቅኚዎቹ አባቶች ዘር ስላልሆነ በስብሰባ አይቆጠርም፣ አስተያየትም አይጠየቅም። እሱ እንኳ ብዙ አልከፋውም፤ "እኔ ክር እንጂ ዘር አልቆጥርም" ይል ነበር።

ጦርነቱ መጣና ዘር ሳይቆጠር ዘማች ተፈለገ። ቅጣው ማይጨው ዘምቶ እዚያው ቀረ። ለኮከቤ የቀሯት ዓይናቸውን ያጡት አማቷ እማማ ወለተኪዳን፣ የስድስት ዓመት ልጇ ተሾመች፣ አንድ የድንጋይ ቤትና አንድ እንዝርት ናቸው። እንዝርቷ አላሳፈራትም። የኮከቤን ክር ያየ ሰው እጇን ያምናል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ አይበጠስም፣ አይተበተብም። የናቋት ሴቶች ሁሉ ፀጉራቸውን ተሸክመው ወደሷ ይመጡ ጀመር። ስሙ ግን አልተነሣላትም።

ጠላት አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ወታደሮቹ ከመሐል ሜዳ ወጥተው አምጃ ማርያምን አቃጠሏት። ምክንያታቸው "ለአርበኛ ስንቅ አቀብላችኋል" የሚል ነበር። እውነት ነው፤ አቀብለናል። ሕዝቡ ከብቱንና ልጁን ይዞ ገደል ለገደል አመለጠ፤ ኮከቤም ልጇን ታቅፋ አማቷን አዝላ ወረደች። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ሃያ ሦስት ቤት ጣሪያ የለውም።

የመንዝ ቤት ግድግዳው ካብ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ አይቃጠልም። ያቺ ነገር ናት ሰውን ያጽናናችው። ወጋግራውንና ማገሩን ለመተካት ቤተ ክርስቲያኑ ከጽዱ እየመረጠ ፈቀደ፤ ያልተቃጠለባቸውም ትርፍ እንጨታቸውን አልሸሸጉም። ኮከቤ በአስር ቀን ውስጥ አጽሙ የቆመ ጣሪያ ነበራት፤ ሰማይ ግን በእንጨቶቹ መካከል ወለል ብሎ ይታያል። የጎደለው ሣር ነው።

ሣሩ እዚያው ፊት ለፊት አለ፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ እስከ ጫፉ ጓሳ ለብሷል። ጓሳ የሚባለው ቀጭን ጠንካራ ሣር በደንብ ከተከደነ አንድ ጎልማሳ እስኪያረጅ የማያፈስ ነው። ግን ክልክል ነው። አባቶች ሲያቀኑት በአምስት ዓመት አንዴ እንዲታጨድ ሕግ አቆሙለት፤ በመካከል ዘብ ይጠብቀዋል፤ የሚታጨደውም ለአቅኚዎቹ ዘር ብቻ ነው። ያለ ጊዜው ያጨደ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። በዚያ ዓመት ጓሳው ከተዘጋ ገና ሦስተኛው ነበር። ኮከቤ ደግሞ አምስቱ ቢሞላም የሚደርሳት አንዲት ሰበዝ የለም።

የጓሳው ሹም አባ ቄራ ይባላል። ጣልያን መሐል ሜዳ ላይ የራሱን ሹማምንት አስቀምጧል፤ እነሱ ዶሮና እንቁላል ከመሰብሰብ አልፈው ሣር አያውቁም። ሰው የሚያምነውና የሚፈራው መንግሥት ያው የጓሳው መንግሥት ነው። የቀድሞው አባ ቄራ ለቤተ ክርስቲያን ክዳን እንኳ ቀኑ ሳይደርስ እንቢ ያሉ ብርቱ ሰው ነበሩ። ከፋሲካ በፊት ዐረፉ። በዚያ ክፉ ዘመን ሹመቱን የሚመኝ ስለጠፋ ሽማግሎቹ ተገኘን ሾሙት፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ ማይጨው ላይ የቆሰለ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል ያገሬ ሰው፤ ስንቱን ሹም እንዳበላሸ እግዜር ይወቀው። ተገኘ ምንም ሳይበላ አንድ የማይታወቅ ነገር አደረገ፤ ዞረ። በተቃጠለው ቤት ሁሉ ደጅ እያነከሰ ደረሰ። ወንድ ከሌለበት ቤትም አላለፈም። ኮከቤ ደጅ ሲመጣ እሷ በካቡ ጥግ ባና ወጥራ አማቷንና ልጇን ከሥሩ አስቀምጣ ፀጉር ትፈትላለች።

"ስንት ሸክም ሣር ይበቃሻል?" አላት።

ኮከቤ ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሹም የለም። "ምን ያደርግልዎታል አባ ቄራ? እኔ እንደሆንኩ የማንም ዘር አይደለሁ" አለችው።

"የጠየቅኩሽ ሸክሙን ነው።"

"አርባ" አለች፤ ለነገሩ ያህል። እሱ በእጁ ከያዘው ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠረና እያነከሰ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አምስት ቀን ድምፁ አልተሰማም። ደጃፉ ተዘግቶ ይውላል። "እሱም እንደሌሎቹ ነው፤ ሹም ሲጠይቅ እንጂ ሲመልስ አይታይም" ተባለ። ኮከቤም አመነች። በልቧ ግን ተናዳ ነበር፤ ባይጠይቃት ኖሮ ተስፋ አታደርግም ነበርና።

ግንቦት ሲጋመስ ደመናው በምሥራቅ በኩል መክበድ ጀመረ። አንድ ከሰዓት የወረደ ካፊያ የተወጠረውን ባና ዘልቆ እማማ ወለተኪዳንን አበሰበሳቸው። አሮጊቷ አላማረሩም፤ በማግሥቱ ግን ጨርቃቸውን በአንዲት ስልቻ ሰብስበው አሰሩ።

"ምን ሊያደርጉ ነው እማማ?" አለች ኮከቤ።

"ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ወደ ማርያም ደጅ አድርሺኝ። ደጀ ሰላሙ ጣሪያ አለው። ከነዳያኑ ጋር እቀመጣለሁ፤ እግዜርም አይጠላኝ። ተሾመችን ያቺ የሞላሌ ነጋዴ ለቤት ሥራ እፈልጋታለሁ አላለችሽም? ስጫት። ቢያንስ ደረቅ ላይ ታድራለች። አንቺ ብቻሽን ከሆንሽ የትም ተጣጥፈሽ ትከርሚያለሽ።"

አሮጊቷ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ክረምት በክፍት ካብ ውስጥ ማሳለፍ ማለት መንዝ ላይ ሞት ነው፤ ሳል የጀመራት ልጅ ደግሞ ሐምሌን አታይም። ቤቷ ለሦስት ሊከፈል ነው፤ አሮጊቷ ለልመና፣ ልጅቷ ለገረድነት፣ እሷ ለማንም። አንዴ የተበተነ ቤተሰብ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ይሰበሰባል ብሎ የሚያምን ካለ ድሃ ሆኖ አያውቅም።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ማጭዷን ከባናዋ ሥር ደብቃ ወደ ጓሳው ወጣች።

ኮከቤ ሌባ አይደለችም። ከሥር ከሥሩ፣ ምንጩ አጠገብ፣ ለምለሙንና ረጅሙን መርጣ አጨደች። ማጭዱ አልሰላ ብሎ አስቸገራት፤ እየጎተተች ነቀለችው። አንድ ሸክም አሥራ ስታበቃ ቀና ብትል የጓሳው ዘብ ወዳጆ ዱላውን ተመርኩዞ ቆሟል።

"ጨረስሽ?" አላት።

ወዳጆ ሕግ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው። የራሱን አማች በአንድ ጭብጥ ሣር ከሶ ያውቃል። አልሰደባትም፣ አልመታትም፤ ማጭዷን ተቀበላትና ሸክሙን እሷኑ አሸክሞ ወደ መንደር ነዳት። ቀኑ ግንቦት ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነው። ጠላት ሰው እንዳይሰበሰብ ከልክሎ ስለነበር ስብሰባ ሁሉ የሚደረገው በበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለጠበል ጠዲቅ በሚል ነው። እናም ኮከቤ ያገሩ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ተቀምጦ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ የሰረቀችውን ሣር በጀርባዋ ተሸክማ ገባች። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ትወድ ነበር።

ባላምባራስ ሀብተ ማርያም ተነሡ። የሽማግሎቹ አንደበት እሳቸው ናቸው፤ ጨካኝ አይደሉም፣ ግን ሕግ ሲፈርስ አገር የሚፈርስ የሚመስላቸው ናቸው።

"ነገሩ ግልጽ ነው" አሉ። "አባቶቻችን ጓሳውን በግዝት ነው ያቆዩልን። ያለ ቀኑ ያጨደ ቤቱ ይቃጠል ብለዋል። ለሀብታምም ለድሃም አንድ ነው። ሴት ናት ብለን፣ ባሏ የዘመተ ነው ብለን ዛሬ ብናልፍ ነገ ያልተቃጠለበትም ማጭዱን ስሎ ይወጣል። ከዚያ ጓሳ የሚባል ነገር ለልጆቻችን በተረት ይቀራል።"

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ኮከቤም በልቧ ልክ ናቸው አለች፤ የከፋትም እሱ ነው።

ተገኘ ተቀምጦ ነበር። ዱላውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። "ባላምባራስ እንዳሉት ሕጉ ቤቱ ይቃጠል ይላል" አለ። "የዚህችን ሴት ቤት ጣልያን ቀድሞ አቃጥሎልናል። ወጥተን ካቡን እናቃጥል? ወይስ ጣልያን ጀምሮ የተወውን እኛ እንጨርስለት?"

ከኋላ አንዲት ሴት "እሰይ!" ብላ አፏን ያዘች።

ተገኘ ወደ ኮከቤ መጣና ሸክሙን ከጀርባዋ አወረደላት። ጠፍሩን ፈትቶ አንድ ጭብጥ መዘዘ፤ አሸው፣ አሸተተው፣ በጥርሱ ነክሶ ተፋው። ፊቱ ያኔ ነው የጠቆረው። ስርቆቱ ያላስቆጣውን ሰው ሣሩ አስቆጣው።

"ይህን ከየት አጨድሽው?"

"ከምንጩ አጠገብ" አለች።

"ይህ ለክዳን ነው? ይህን የከደነ ነሐሴ ላይ እንጉዳይ ያበቅላል! ገና እርጥብ ነው። ጓሳ ለክዳን የሚሆነው ከላይ፣ ነፋስ የሚመታው፣ ቢጫ ያለውና ሲታጠፍ የሚንጣጣው ነው። ማን ነው ሣር ማጨድ ያስተማረሽ?"

ኮከቤ ግራ ገባት። "እኛ አገር... ሰንበሌጥ ሳይደርቅ ነው የሚታጨደው። ደርቆ ከታጨደ ይሰባበራል" አለች።

ዐጸዱ በሳቅ ፈረሰ። ወዳጆ እንኳ፣ በሕይወቱ ስቆ የማያውቀው፣ ጢሙን በእጁ ሸፈነ። እስከዚያ ድረስ ሌባ የነበረችው ኮከቤ በአንዴ ያቺው ቆለኛ ሆነች። ሳቁ አሳፈራት፤ ግን ከቁጣው ሳቁ ይሻል እንደነበር ኋላ ላይ ገብቷታል። ሰው በሳቀበት ሰው ላይ መፍረድ ይከብደዋል።

ተገኘ ግን አልሳቀም። ከጭብጡ ውስጥ አፈር የያዘ ሥር መዞ ከፍ አደረገ። "ይኸውላችሁ። ይህ ነው ኃጢአቱ። ከነሥሩ ነቅላዋለች። የተነቀለ ጓሳ ተመልሶ አይበቅልም። አባቶቻችን የከለከሉት ሣሩን ከሰው ለመሸሸግ አይደለም፤ ይህ እንዳይሆን ነው።" ከዚያ ወደሷ ዞረ። "የምትናገሪው ካለሽ ተናገሪ።"

ጉርምርምታ ተነሣ። በጓሳ ስብሰባ ሴት አትናገርም፤ ርስት የሌላት ሴት ደግሞ ጭራሽ። ባላምባራስ "ኧረ አባ ቄራ፣ ሥርዓት!" አሉ።

"የተከሰሰ ሲናገር የት ነው ሥርዓት የፈረሰው?" አለ ተገኘ።

ኮከቤ እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ እየጠመዘዘች ጀመረች። "ጌቶቼ፣ አጥፍቻለሁ። ከነሥሩ መንቀል ክፉ እንደሆነ አላወቅኩም። እዚህ ከተቀመጣችሁት እኔ የፈተልኩትን ያልለበሰ ማን ነው? ክሬ ከማን ዘር ነው ብሎ የመለሰልኝ የለም። እኔ ርስት አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት ጣሪያ ነው። አማቴ ለልመና ስልቻቸውን አስረዋል። ልጄን ለሰው ልሰጥ ነው። ባሌ ቢኖር... ባሌ ሲዘምት ዘርህ ምንድን ነው ያለው የለም።"

ብዙዎቹ በላያቸው የነበረውን ባና አዩ። እውነትም የሷ ክር ነው።

ያኔ ተገኘ ከወገቡ ያን የተቋጠረ ገመድ ፈታና በባላምባራስ ፊት ዘረጋው። አሥራ አምስት ቀን የት እንደጠፋ ሰው ያወቀው ያኔ ነው። በዚያ እግሩ ጓሳውን ከዳር እስከ ዳር ሲረግጥ ነበር የከረመው። የቱ ጥግ ደርሷል፣ የቱ ገና ነው፣ ከላይኛው ወገብ ስንት ሸክም ይወጣል፣ ሁሉንም ለክቶታል። "ሃያ ሦስት ቤት ተቃጥሏል፤ ሃያ ሦስት ቋጠሮ ነው" አለ። "ሁሉንም የሚሹትን ጠይቄያለሁ። ዘጠኝ መቶ ሸክም ይበቃል። ከላይኛው ወገብ፣ የደረሰውን ብቻ፣ ከምድር አራት ጣት አስቀርተን ብናጭድ ይወጣል። ታችኛው አይነካም፤ እንዲያውም ለዚህ ዕዳ ሁለት ዓመት ተጨምሮ ይዘጋ። የሚያጭደው ቤቱ የተቃጠለበት ሁሉ ነው። ጣልያን ሲያቃጥል ዘር አልለየም፤ እኛ ስንከድን አንለይ።"

"ግዝቱስ?" አሉ ባላምባራስ።

"አባቶቻችን ጓሳውን ለልጅ ልጅ ብለው ዘጉት። የልጅ ልጆቹ እነሆ ሜዳ ላይ ናቸው።"

"ነገ ተመልሰው ቢያቃጥሉትስ? ሣሩም ቤቱም ይቀራል!"

"እነሱ ባቃጠሉ ቁጥር እንከድናለን። ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን።"

ሽማግሌው ገመዱን አገላበጡት። የፈሩት የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ሞኝ አልነበሩም። በመጨረሻ "ማን ይቆጣጠረዋል? አንዴ ከተከፈተ ሰው መቼ ይመለሳል?" አሉ።

"እርስዎ ይቆጣጠሩታል" አለ ተገኘ። "ከርስዎ በላይ ለጓሳው የሚሳሳ ሰው የለም። አራት ጣት ያላስቀረውን እርስዎ ያባሩ፤ እኔንም ቢሆን።"

ሊሟገቱት ለመጡት ሰው ነገሩን በእጃቸው ላይ አስቀምጦላቸው ተቀመጠ። ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ የተቃወመውን የሚያሥር አለ፣ የሚያባብል አለ። የተቃወመውን ሰው ፍርሃቱን ሰምቶ በዚያው ፍርሃት ሥራ የሚሰጠው ጥቂት ነው። አገር የሚድነው በነዚህ ጥቂቶች ይመስለኛል፤ የተከለከለውን ሁሉ ከመድገም በፊት ለምን ተከለከለ ብለው በሚጠይቁት።

"ሦስት ቀን" አሉ ባላምባራስ በመጨረሻ፣ እያጉረመረሙ። "ከሦስት ቀን አንዲት ሰዓት አታልፍም። ይህች ሴትዮስ? ያለ ቅጣት ልትሄድ ነው?"

"አትሄድም" አለ ተገኘ። "ሕግ ነክታለች። ለሃያ ሦስቱም ቤት የክዳኑን ገመድ እሷ ትገምዳለች። እጇን ሁላችን እናውቀዋለን። ያመጣችውም እርጥብ ሣር ለገመዱ ይሁን፤ ለክዳን እንጂ ለገመድ መጥፎ አይደለም።"

ኮከቤ በጉልበቷ ወደቀች። ጉልበቱን ልትስም ስትል ሸሸ። "ተነሺ፤ ገመዱ ብዙ ነው" አላት።

ጓሳው በማግሥቱ ተከፈተ። ጣልያን ጥርጣሬ እንዳይገባው ሰው ራቅ ራቅ እያለ፣ አራት አምስት ሆኖ ወጣ። ባላምባራስ ሀብተ ማርያም ከበቅሏቸው ወርደው በእግራቸው ይዞሩ ነበር፤ ከሚያጭደው ሰው ሁሉ ኋላ አራት ጣታቸውን እየደቀኑ ይለካሉ። የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ሦስት ጣት አስቀርተሃል ብለው አባረሩት። ወዳጆ በበኩሉ ለኮከቤ ማጭዷን ስሎ መለሰላት። አርባ ሸክሟን ሁሉም ሰው እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አወረደች።

ገመዱ ግን ቀላል አልነበረም። ከምንጩ ሣር ጀምራ ሌት ተቀን ስትገምድ መዳፏ ተላጠ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሙሉመቤት ናት፣ ያንን "ኃጢአተኛዋ ቆለኛ" የሚለውን ስም ያወጣችው። "እስቲ አሳዪኝ፣ እንዴት ነው እንዲህ እኩል የሚሆንልሽ?" አለቻት። ኮከቤ አሳየቻት። ከሰዓት ሌሎች አራት መጡ። ቅጣቱ የአንድ ሰው መሆኑን ሁሉም ረሳው፤ ያስታወሱት ባላምባራስ ብቻ ሲሆኑ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ አለፉ።

ክዳን የሚያውቁ ስድስት ወንዶች ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ ከደኑ። የኮከቤ ቤት አሥራ ዘጠነኛው ነበር። ሰኔ ሰባት ቀን ጉልላቱ ሲታሰር እማማ ወለተኪዳን በሁለት እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ዙሪያውን ዞሩ። "ሣሩ እስከ የት ወርዷል?" አሉ። ኮከቤ እጃቸውን ይዛ ከካቡ ያለፈውን የክዳን ጫፍ አስነካቻቸው። አሮጊቷ ጣታቸውን ሰደው ውፍረቱን ለኩት። ገብተው ስልቻቸውን ፈቱና ጨርቃቸውን አልጋቸው ላይ ዘረጉ። የሞላሌዋ ነጋዴ ዜና ስትልክ ኮከቤ "ልጄ ሥራ አላት፤ ፀጉር ታባዝትልኛለች" ብላ መለሰችላት።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኔ ዘጠኝ፣ ሰዎቹ የመጨረሻውን ቤት ከድነው መሰላላቸውን ሳያነሡ ሰማዩ ተከፈተ። ካፊያ አልነበረም፤ የመንዝ የክረምት በር ሲከፈት የሚወርደው፣ በረዶ የተቀላቀለበት፣ ከብት የሚያስበረግገው ነው። ኮከቤ ከደጅ ሮጣ ገባችና በሩን ዘጋች። መሐል ቤት ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች። በያንዳንዱ ወጋግራ ሥር፣ በያንዳንዱ ማገር መካከል ዓይኗ ተንከራተተ። አንዲት ጠብታ ፈለገች፤ አጣች። ተሾመች እሳቱ ዳር እግሯን ዘርግታ ፀጉር ታባዝታለች፤ ልብሷ ደረቅ ነው። ኮከቤ ያኔ ባለችበት ቁጭ አለች። ከማይጨው ወሬ ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች፤ ሐዘን አልነበረም፣ ከትከሻዋ ላይ የወረደ ነገር ነበር።

እማማ ወለተኪዳን ከአልጋቸው ላይ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆዩ። ለአንድ ወር ዝናብ ማለት ለሳቸው በራስ ላይ የሚወርድ ውሃ ነበር። ምንም አልነካቸውም። በወፍራሙ ጓሳ ውስጥ የሚሰማው የሩቅ ሹክሹክታ ብቻ ነው።

"ኮከቤ፣ ዝናቡ ቆመ እንዴ?" አሉ።

"አልቆመም እማማ። እየወረደ ነው።"

አሮጊቷ መዳፋቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ባናቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

"እንግዲያስ ይውረድ!" አሉ።